የድመት ልጅ ከእናቷ መቼ ትለይ?

ሄለን፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ድመት ከወለደች በኋላ ግልገሎቹ ዓይናቸው ተከፍቶ መሯሯጥ ሲጀምሩ ጎረቤቱ ሁሉ «አንዷን ለእኔ» ይላል። ብሩክ፣ በስንት ጊዜዋ ነው መሄድ ያለባት?

ብሩክ፦ ከ8 ሳምንት በፊት ጭራሽ መለየት የለባትም። 8 ሳምንትም ቢሆን የመጨረሻው ዝቅተኛ ዕድሜ ነው፤ እናቷ ጤነኛ ከሆነች እስከ 12 ሳምንት ብትቆይ እመርጣለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሻጭ 8 ሳምንት ያልሞላትን መሸጥ አይችልም። ስዊድን ደግሞ ገደቡን 12 ሳምንት አድርጋለች።

ሄለን፦ ሰዉ ግን «ራሷን ችላ ትበላ የለ እንዴ?» ይላል።

ብሩክ፦ መብላቱንማ በ4 ሳምንቷ ትጀምራለች። የፊት ጥርሶቿ በ3 ሳምንት ገደማ ይወጣሉ፤ እናትየዋም ሲያማት ከጡት መሸሽ ትጀምራለች። ጡት መተዉ ግን ቀስ በቀስ ነው፣ 8 ሳምንት አካባቢ ያልቃል። ምግብ መቅመስ ጀመረች ተብላ በ5 ሳምንት የተወሰደች ግልገል አዲስ ቤት ገብታ አልበላም ካለች፣ በዚያ ዕድሜ ግማሽ ቀን መጾም ብቻውን ያዝላታል። የደም ስኳሯ ቶሎ ይወርዳል።

ሄለን፦ ከወተቱ ሌላ ደግሞ ጠባይ አለ። ከእህት ወንድሞቿ ጋር ስትታገል አጥብቃ ከነከሰች የተነከሰው ይጮህና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል፤ እናቷም በእግሯ መታ ታደርጋታለች። ጥርሷንና ጥፍሯን መቆጣጠር የምትማረው እዚያ ነው። ይህን ሳትማር የመጣችው የሰው እጅ እየቦጨቀች ታድጋለች፣ ከዚያ «ክፉ ድመት» ትባላለች።

ብሩክ፦ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። 5,726 ድመቶችን ከባለቤቶቻቸው በተሰበሰበ መረጃ ሲያዩ ከ8 ሳምንት በፊት የተለዩት ላይ ቁጣ ጎልቶ ታየ። የእነሱ ምክር እንዲያውም 14 ሳምንት ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ሌላው የምንሰማው ክርክር «ካደገች ሰው አትለምድም» የሚለው ነው። ይሄ ግማሽ እውነት አለው።

ብሩክ፦ አለው። ሰው የምትለምድበት ዋናው ጊዜ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። ታዲያ ለዚህ ከእናቷ መንጠቅ ምን አመጣው? እዚያው እናቷ ዘንድ እያለች ሴቱም ወንዱም ልጁም በየቀኑ አጠር አጠር እያደረጉ ያቅፏት፤ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ የበር መዘጋት ትስማ። ምድር ቤት ተደብቃ ሰው ሳያያት 12 ሳምንት የሞላት ግን በእርግጥ ታስቸግራለች።

ሄለን፦ ዕድሜዋ ካልታወቀስ? ብዙዎቹ ከመንገድ ወይም ከግቢ ጥግ የሚነሱ ናቸው።

ብሩክ፦ ጥርስ እዩ። በ4 ሳምንት ሹሉ ክራንቻዋ ብቅ ይላል፤ የኋላ የወተት ጥርሶቿ የሚሟሉት በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል ነው። ዓይኗ አሁንም ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ ገና ናት፣ ቀለሙ መለወጥ የሚጀምረው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። ክብደት በኩሽና ሚዛን መመዘን ይቻላል፤ ስትወለድ 100 ግራም ገደማ፣ በ4 ሳምንት 400 ግራም ገደማ፣ በ8 ሳምንት ወደ 900 ግራም። የተራበች ግልገል ግን ከዕድሜዋ በታች ስለምትመዝን ከሚዛኑ ይልቅ ጥርሱን አምናለሁ።

ሄለን፦ ክትባቱን እንምጣበት።

ብሩክ፦ ከእንገሩ ያገኘችው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቃታል፤ ችግሩ ክትባቱንም ያከሽፋል። መቼ እንደሚያልቅ ከግልገል ግልገል ይለያያል፣ አንዳንዷ ላይ እስከ 16 ሳምንት ይቆያል። ለዚህ ነው ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት የሚደጋገመው። አንዴ አስከትቤያለሁ ብሎ መተው አይሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት ገደማ ይሰጣል፤ እኛ አገር በሽታው ስላለና ድመትም ስለምታስተላልፍ የሚዘለል አይደለም። የሆድ ትሉ ደግሞ በጡት ወተት ጭምር ይገባል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ከ2 ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ በክብደቷ ተሰልቶ ይሰጣል።

ሄለን፦ ቁንጫ ላይ አደራ! ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት አትጠቀሙ። ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ይገድላል። ለትንሿ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ማንሳት ይበቃል።

ብሩክ፦ የላም ወተትም ያስቀምጣታል። ወጥ የነካ እንጀራ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ከሉካንዳ የሚገዛው ሳንባም ለብቻው አይበቃም፣ ካልሲየም ስለሌለው አጥንቷ ይለሰልሳል። ለግልገል የተዘጋጀ ምግብ ከተገኘ እሱን፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ።

ሄለን፦ የምትሄድበት ቀን ምን ይዛ ትሂድ?

ብሩክ፦ ቀድሞ የምትበላውን ምግብ የሳምንት ያህል፣ ከተኛችበት ጨርቅ ቁራጭ፣ ከለመደችው መጸዳጃም ትንሽ። ሰጋቱራም ሆነ አሸዋ የለመደችውን አትቀይሩባት፤ ሲረጥብ የሚጋገረውን የሱቅ አሸዋ ትውጠዋለችና ለትንሿ አልመክርም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃታል። አዲስ ምግብ የሚገባው ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ፣ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ሌሊት መጮኋ ይጠበቃል፣ 24 ሰዓት ሙሉ አለመብላቷ ግን ሐኪም ያስጠራል።

ሄለን፦ በ5 ሳምንት ተወስዳ የመጣችስ?

ብሩክ፦ እናቷ ካለችና ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ መልሷት፤ አብዛኞቹ እናቶች ይቀበላሉ። ካልሆነ ከእህቷ ወይም ከወንድሟ ጋር ሁለቱን አብራችሁ ውሰዱ፣ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። በእጅ አታጫውቷት፣ ክር ወይም ላባ በእንጨት ላይ እሰሩላት፤ ስትነክስ ጨዋታውን አቁሙ እንጂ አትምቷት።

ሄለን፦ እናትየዋንም እንዳንረሳ። ሁሉም በአንድ ቀን ከተወሰዱ ጡቷ ወተት ቋጥሮ ሊያብጥና ሊቆስል ይችላል፤ በተለያየ ቀን ቢሄዱ ይሻላል። ጡቷ ትኩስና ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይያት።

ብሩክ፦ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ ስለዚህ እስክትመክን ድረስ ከወንድ ድመት ለይታችሁ አቆዩአት። ማምከኑ ግልገሎቹ ጡት ከተዉ 2 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ወተቷ ሲደርቅ ቢሆን ለቀዶ ጥገናው ይቀላል።