ቱርክኛን በአማርኛ እንማረው

የተከበራችሁ ታላላቆቻችን፣ ዘንድሮ አንካራ የገባችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ቱርክኛ የዓረፍተ ነገር ዓይነቶች አጠር አድርጌ እንዳስረዳ ጠይቀውኛል። አስረዳለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለና አስቀድሜ እሱን ልናገር። እኛ ቱርክኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን መማር የለብንም!

ቱርኩ «አሊ ኪታቢ ኦኩዱ» ይላል፤ እኛ «አሊ መጽሐፉን አነበበ» እንላለን። ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ግሱ በየቦታቸው ናቸው። «መጽሐፉን» ላይ ያለችው «ን» እንኳ እዚያ «ኪታቢ» ጫፍ ላይ አቻ አላት። ይህን ይዞ የመጣን ልጅ እንደ እንግሊዝኛው ግሱን ወደ መሀል አስገብቶ እንደገና ወደ መጨረሻ እንዲመልስ ማስገደድ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

ከወሎ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጠራም። በሒሳብ የሚደርስበት የለም፤ እንግሊዝኛው ግን ደከም ያለ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ቱርክኛ በምንማርበት መሰናዶ ክፍል የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነበት። ዝም አለ። ዝምታው ሲበዛ «ይኼ ልጅ ቋንቋ አይገባውም» ተባለ። ክፍል መቅረት ጀመረ፤ ሻንጣውን ሊሸክፍም አስቦ ነበር። አንድ ማታ ማደሪያችን ውስጥ ሻይ አፍልተን ተቀመጥን። «አሊ ጌልዲ ሚ?» ማለት «አሊ መጣ ወይ?» ነው አልኩት። «አሊ ሚ ጌልዲ?» ሲሉህ ደግሞ «አሊ ነው ወይ የመጣው?»፤ «አሊ ዱን ሙ ጌልዲ?» ከሆነ «አሊ የመጣው ትናንት ነው ወይ?»። «ሚ» የምትከተለው የተጠየቀውን ነገር ነው፤ ድምፅዋም ከፊቷ ባለው አናባቢ ይለወጣል። ቀና ብሎ አየኝና «በቃ፣ ይኼ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ፤ ሻይው ቀዝቅዞ እሱ ጥያቄ ይደረድራል።

ታዲያ ይህ ልጅ ነው ቋንቋ የማይገባው? ቱርክኛ ክፍል ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ምክንያት ሰነፍ ተባለ! ይህ ግፍ ነው! ነባር ተማሪዎችም ከዚህ ግፍ አታመልጡም፤ ለታናናሾቻችሁ የምታወርሱት ማስታወሻ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ በአንድ ዓመት መሰናዶ ሲ1 የሚባለው ከፍተኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ መድረስ አለበት። የመዞሪያ ጊዜ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። ማሰሪያው ግስ ሲሆን «ፊይል ጁምሌሲ»፣ ስም ወይም ቅጽል ሲሆን «ኢሲም ጁምሌሲ» ይባላል። አሉታውም በዚያው ይለያል፤ «ጌልሜዲ» አልመጣም፣ «ዶክቶር ዴይል» ዶክተር አይደለም፣ «ፓራ ዮክ» ገንዘብ የለም። ይህን ልዩነት አፋችንን ስንፈታ ነው የለመድነው።

ሁለት ቦታ ግን ተጠንቀቁ። «ኤቭ ቡዩክ» ብቻውን «ቤቱ ትልቅ ነው» ማለት ነው፤ የእኛን «ነው» ፍለጋ በየንግግሩ «ዲር» አትለጥፉ። «አህሜት ኤቭዴዲር» ስትሉ ሰሚው «አህሜት ቤት ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ የገመታችሁ ሊመስለው ይችላል። ደግሞም እኛ «መጣ?» ብለን ድምፃችንን ከፍ በማድረግ ብቻ እንጠይቃለን፤ እዚህ «ሚ»ን አትርሱ።

ማሰሪያው ከመጨረሻ ሲነሳ «ዴቭሪክ ጁምሌ» ነው፤ «ጌል ቡራያ»፣ «ና ወዲህ» እንደምንለው። ገበያ ውስጥ ሞልቷል፤ ኑሩላህ አታች የተባለው ጸሐፊም በጽሑፍ እንዲገባ ተከራክሮለታል። እናንተ ግን የፈተና ድርሰት ላይ ማሰሪያውን መጨረሻ አድርጉት። በአወቃቀር ነጠላ፣ ውስብስብ፣ ድርድር እያሉ የሚከፍሉትን ከመጽሐፉ ታገኙታላችሁ።

ነባሮች፣ በሩ አጠገብ ወረቀት ተቀምጧል። ከመበተናችን በፊት ከቱርክኛ ማስታወሻው የትኛውን ምዕራፍ በአማርኛ እንደምትጽፉ ከስማችሁ ጋር አስፍሩ። አመሰግናለሁ።