ልጆቹን ማሽኑ አጠገብ አቁሙልን

(በጨርቃጨርቅ ሠልጣኞች ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ከፋብሪካዎች የመጣችሁ እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ ተመራቂ ልጆቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ስለ ጨርቃጨርቅ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ሲተከል ክሩን የቀጠሉት ወላጆቻችን ናቸው። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈትም ጨርቃጨርቅ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አፓረንት፣ ሠልጣኝ ፋብሪካ ገብቶ ሥራውን በእጁ ስለሚለምድበት ጊዜ፣ ልናገር ነው።

ሽመና ክፍል ስገባ የተመደብኩት ከአንዲት ነባር ሠራተኛ ጋር ነበር። እትዬ ነበር የምንላቸው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በማሽኑ ጩኸት ሰው ቢናገር አይሰማም። ስለዚህ በምልክትና በእጃቸው ነው ያስተማሩኝ። ድር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ክር መሃል የተበጠሰውን በጣታቸው ዳብሰው ያገኙታል። ከዚያ ይቋጥሩታል። ቋጠሮው ትንሽ መሆን አለበት። ካበጠ ማበጠሪያው ላይ ይያዝና እንደገና ይበጠሳል። ክሩ በገዛ ቦታው ማለፍም አለበት። ቦታውን ከሳተ ጨርቁ ላይ ረጅም መስመር ይወጣል። መጀመሪያ እጄን ይዘው አስቋጠሩኝ። ቀጥሎ እኔ ስቋጥር ቆመው አዩ። አንድ ቀን ዘወር አሉና ለብቻዬ ተዉኝ። ቋጠርኩ፣ አሳለፍኩ፣ ማሽኑን አስነሳሁ። ጨርቁ ጥርት ብሎ ወጣ። እትዬ ከሩቅ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ባለሙያ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። አንዲት ሠልጣኛችንን ለአፓረንት አንድ ፋብሪካ ላክናት። ስሙን አልጠራም። መጥረጊያ ሰጧት። የጥጥ ብናኝ ስትጠርግ፣ ጋሪ ስትገፋ፣ ለሱፐርቫይዘሩ ሻይ ስታመላልስ ጊዜው አለቀ። ማሽን ልንካ ስትል «ታበላሺያለሽ» ይሏታል። ስትመለስ ግን ሎግ ቡኳ፣ የለመደችው ሥራ የሚመዘገብበት ደብተር፣ ሙሉ ነው! ድር መቀጠል፣ ችላለች። ማግ መቀየር፣ ችላለች። ፊርማም ማኅተምም አለው። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ፈተናው ላይ፣ ስትቀርብ እጇ ተንቀጠቀጠ። ወደቀች። ያቺ ልጅ ሰነፍ ናት? በፍጹም! በዚያ ፈተና መውደቅ የነበረበት ሳያስተምራት የፈረመላት ሰው ነው!

የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ በየስብሰባው «የሠለጠነ ሰው አጣን» ስትሉ እሰማለሁ። ከየት ይምጣላችሁ? የሚሠራው ማሽን ያለው እናንተ ጋ ነው። ኮሌጅ ያለው ጥቂት ነው፣ እሱም አርጅቷል። አዎ፣ ለማጅ ጨርቅ ያበላሻል። ያበላሽ! ለማጅ ለሚያበላሸው ጥቂት ሜትር ጨርቅ የሚሳሳ ፋብሪካ፣ ባለሙያ አምጡ ብሎ ሊጠይቀን አይችልም!

ይህን ስል ችሮታ እየለመንኩ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ስለመልመድ ውል በግልጽ ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። ልጁ ምን እንደሚማር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚማር፣ ምን እንደሚከፈለው ይጻፋል። ሲጨርስም የሠለጠነበትን ሙያ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። መጥረጊያ ይዛ ለከረመች ልጅ ምን ብላችሁ ልትጽፉላት ነው?

ተመራቂዎች፣ አጎዋ፣ ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ በ2014 ሲቋረጥ ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ሥራ አጥተው የተመለሱ እህቶቻችሁን አይታችኋል። ስለዚህ ነው ሙያውን አጥብቃችሁ ያዙ የምላችሁ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም አትርሱ፤ የጥጥ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ነባር ሠራተኞችም ለሚመጡት ልጆች ማሽኑ አጠገብ መቆሚያ ቦታ ስጧቸው።

የቀጣዩ ዙር ሠልጣኞች ውል ተዘጋጅቷል። ከፕሮግራሙ በኋላ መግቢያው በር ላይ ጠረጴዛ ይዘን እንጠብቃችኋለን። ፋብሪካዎች ከመፈረማችሁ በፊት፣ በየልጁ ስም ትይዩ የሚያስተምረውን ነባር ሠራተኛ ስም ጻፉልን። ስም ያልተጻፈበትን ውል አንቀበልም።

አመሰግናለሁ።