ቁጥሩ የማን ነው?

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አሜሪካ ከገባችሁ የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። የሞባይል ኩባንያ የቀየረ ሰው ስልክ ቁጥሩን ጥሎ ነበር የሚሄደው። አገልግሎቱ ቢያማርር፣ ሂሳቡ ቢከመር፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ በማስታወሻው የያዘውን ቁጥር ማን ይጥላል? ችሎ መክፈል ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን 2003 (ዛሬ የምናገረው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ሥራ ላይ ሲውል ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ መውጣት ጀመረ። ኩባንያዎቹ ይህን ለማስቀረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። አሁን ቁጥሩ የኩባንያው ነው የሚል ሰው ብታገኙ ትስቁበታላችሁ።

ዛሬ ከአንድ ኩባንያ እንዳንወጣ የምንያዘው በፎቶው፣ በመልእክቱ፣ በእጅ ሰዓቱ፣ በገዛነው መተግበሪያ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2024 አፕልን ኒው ጀርሲ ላይ የከሰሰው፣ ሰው ከአይፎን እንዳይወጣ ሆን ብሎ መንገዱን አክብዷል ብሎ ነው። አፕል ይክዳል፤ እኔ የደንበኛዬን ደኅንነት ነው የምጠብቀው ይላል። ይህ መልስ ተራ ሰበብ አይመስለኝም። አይፎኑን ወዶት የያዘ ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። ግን ወዶ የቀረውና መውጫ አጥቶ የቀረው የሚለዩት በሩ ሲከፈት ብቻ ነው።

በቅጣት ይከፈታል? የአውሮፓ ኮሚሽን በኤፕሪል 2025 አፕልን 500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ መተግበሪያ ሠሪዎች ከአፕል የመተግበሪያ መደብር ውጪ ያለውን ርካሽ ዋጋ ለደንበኛ እንዳይናገሩ ከልክሏል ተብሎ። ጎግል ደግሞ በሳፋሪ፣ በአፕል የኢንተርኔት ማሰሻ፣ ላይ ቀድሞ የተመረጠ መፈለጊያ ለመሆን በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። እንዲህ ያለ ገቢ ያለውን ኩባንያ ያ ቅጣት ምኑን ያመዋል?

ኩባንያው ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝዝ ሕግ ይሻላል። በአውሮፓ ሕግ መሠረት ዋትስአፕ ከሌሎች የመልእክት አገልግሎቶች ጋር እንዲገናኝ የመፍቀድ ግዴታ አለበት። ቻርጀሩንም አይታችኋል፤ ለስልኩ ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር መሰኪያ ይበቃል ተባለ፣ በቃ።

እዚህስ? መረጃን ይዞ መውጣትን የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ በ2021 ከተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ አልፎ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ብዙዎቻችሁ ዜጎች ናችሁ፣ ትመርጣላችሁ። ተወካያችሁ ድምፃችሁን ፍለጋ ሲመጣ ስለ ታክስና ስለ ቪዛ ከጠየቃችሁ በኋላ ይህንንም ጠይቁልኝ፦ ቁጥሬን ይዤ እንደወጣሁ መልእክቴንና ፎቶዬን ይዤ የምወጣበትን ሕግ ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም?

አመሰግናለሁ።