ቀን እንቁረጥለት

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልብስ ያላጠበ አለ፣ ገበያ ያልሄደ አለ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያልጠገበም አለ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ደረጃውን ወርዳችሁ እዚህ ኮሙናል፣ የጋራ ቤታችን ውስጥ መቀመጣችሁን ቀላል ነገር አላደርገውም። የብሎኩ ኮሚቴ «ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ቶሎ እሺ ያልኩት ጉዳዩ የራሴም ስለሆነ ነው። እኔም ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው።

እዚህ ብሎክ ላይ እንደኔ ያለ ብዙ ነው። ለስራ ከክፍለ ሀገር የመጣ አለ። ከቤተሰብ ወጥቶ የተከራየ አለ። ከትዳር የወጡ አሉ። ልጆቻቸው ውጭ ሄደው ብቻቸውን የቀሩ እናቶችና አባቶችም አሉ፤ እነሱንም ጠርተናል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ብቻ መኖር ጥፋት አይደለም፣ በሽታም አይደለም። የራስን በር በራስ ቁልፍ ከፍቶ መግባት፣ የፈለጉትን አብስሎ በፈለጉት ሰዓት መብላት ደስ ይላል። እኔ የማወራው ቀኑ ከቀኑ አልለይ ሲል ስላለው ነገር ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ቀን ስራ፣ ማታ እንደገና የታክሲ ሰልፍ። ከሱቅ ሁለት እንጀራ በፌስታል አንጠልጥሎ መግባት። በሩን ከውስጥ መቆለፍ። ሽሮዋን ቆሞ አማስሎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ እጅ እየበሉ በሌላው ስልክ መነካካት። ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ያው ሰልፍ። አርብ ማታ የስራ ባልደረባችሁን «ቻው» ብላችሁ ሰኞ ጠዋት «እንዴት አደርክ» እስክትሉ ድረስ ከባለሱቁ በቀር ለማንም ድምጻችሁን ያላሰማችሁበት ቅዳሜና እሁድ የለም? እጅ አታውጡ፣ ብቻ አስቡት።

ሲቆይ ደግሞ ሰው ራሱ ይከብዳል። ስልክ ሲጠራ «አሁን ማን ነው ደግሞ» እንላለን። ሰርግ ስንጠራ ምክንያት እንፈልጋለን። አንዴ ሁለቴ ስንቀር ጠሪው ይተወናል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰንም ብለን እናዝናለን። ሰው ርቦን ሰው እንሸሻለን። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

«ብቸኝነት የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ የለም» ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን እንዲህ አይልም። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱን ብቸኝነት ያጠቃዋል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ብቸኝነት ይሰማኛል የሚለው ሰው ከመቶ 24 ያህል ሲሆን፣ ሀብታሞቹ ጋ ከመቶ 11 ገደማ ነው። በተለይ ወጣቱ ላይ ይበረታል። ድርጅቱ በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከዚሁ ነገር ጋር ያያይዛል፤ ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክና ከድብርት ጋርም ይያያዛል። ስለዚህ «ደበረኝ» የሚላችሁን ልጅ «ተነስ፣ ቅብጠት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ይሄ ብሎክ ላይ እርስ በርስ አለመተዋወቃችን ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጀመር ቤቱ በእጣ ነው የታደለው። እጣ ሰፈር አይለይም። የመርካቶው ከጉለሌው፣ የልደታው ከኮልፌው ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ተደለደለ። ባለእጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገባበትም፣ ያከራየዋል። ተከራዩም ኪራይ ሲጨመርበት ይወጣል። የአንዱን ስም ገና ስንለምድ አይሱዙ መጥቶ እቃውን ይጭናል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስም ስንት ዘመን እድርና ቡና የተጋሩ ጎረቤቶች በየሳይቱ ተበተኑ። ጉርብትና እንደገና ከዜሮ የሚጀምርበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው።

እና ምን ይደረግ? የኔ ሀሳብ አንድ ነው። ቀን እንቁረጥለት።

ወላጆቻችን ይገናኙ የነበረው ከኛ የበለጠ ጊዜ ስለነበራቸው ወይም ከኛ የበለጠ ሰው ስለሚወዱ አይደለም። እናቶቻችን ስንት ልጅ፣ ስንት ስራ ነበረባቸው! ግን ቀን ቆርጠውለት ነበር። የጽዋ ማኅበሩ በ12 ሚካኤል ነው፣ ወይ በ21 ማርያም፣ ወይ በ29 በዓለወልድ። ደስ ብሎሽ ዋልሽ፣ ደብሮሽ ዋልሽ፣ ቀኑ ሲደርስ ተረኛዋ ትደግሳለች፣ አንቺም ነጠላሽን አድርገሽ ትሄጃለሽ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ጁምዓ አለው፣ በረመዳን ማታ ማታ ኢፍጣሩ አለው። እቁቡ በየሳምንቱ ወይ በየወሩ ይወጣል፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው። እድሩ በወሩ በታወቀ እሁድ ይሰበሰባል። የቀረ ደግሞ ይቀጣል። እስቲ ይሄን መቀጫ አስቡት። ድንኳኑና ወንበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ልኮ መቅረት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ሰውየው ራሱ በአካል እንዲመጣ ፈለጉ። መምጣቱን ለስሜቱ ቢተውለት እንደሚቀር ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኛስ? «እንደዋወል» እንላለን። «ሰሞኑን ቡና እንጠጣ» እንላለን። ከልባችን ነው የምንለው። ግን ቀኑ አልተባለም፣ ቦታው አልተባለም፣ ስለዚህ ዓመት ያልፋል።

አሜሪካ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምር ጄፍሪ ሆል የሚባል ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት አለ። እንዲሁ በመተያየት የሚተዋወቁ ሰዎች ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመጀመር 50 ሰዓት ያህል አብረው ማሳለፍ አለባቸው። ጓደኛ ለመባባል 90 ሰዓት ገደማ። የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። ስራ ላይ አብሮ የሚዋለው ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አይቆጠርም። ይሄን ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ሻይ ጠጥተን ወሬው ካልደራ «አልተጣጣምንም» ብለን እንተወዋለን። ገና ከሃምሳው ሁለተኛው ሰዓት ላይ ነን እኮ! በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰዓት ብንቀመጥ ሃምሳው የሚሞላው በስድስት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደብራሉ፣ ዝምታው ይከብዳል፣ «ታዲያስ፣ ስራ እንዴት ነው» ከማለት ሌላ የምናወራው እናጣለን። እሱን መታገስ ነው።

ይሄ ነገር እዚሁ ብሎካችን ላይ ሲሰራ አይቻለሁ። የምንተዋወቀው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ነው፣ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማጓራት ሲጀምር በር በሩ ይከፈታል። ሁሉም በቢጃማ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ድረስ አይገፋም፣ ስለዚህ ከላይ ያሉት እየወረዱ ከታች ይቀዳሉ። ግራውንድ ያሉት እትዬ ገና ሳይጠየቁ «ከኔ ቅዱ ልጆቼ፣ እኔ ሞልቻለሁ» ብለው በራቸውን ከፍተው ይተዋሉ። ሃያ ሊትሩ እስኪሞላ ደረጃው ላይ ቁጭ ይባላል። ከጎኔ ያለው ልጅ ነርስ እንደሆነ፣ ሌሊት ተረኛ ስለሚሆን ነው ቀን የማይታየው፣ ይሄን ያወቅኩት እዚያ ነው። ከላይ ያለችው ልጅ ደሴ እንዳደገችም እዚያ ነው የሰማሁት። ማንም «ልተዋወቅ» ብሎ አልወጣም። ውሃው ሰዓት ሰጠን፣ ቦታ ሰጠን፣ እጃችን የሚይዘውም ነገር ሰጠን።

ያ እጅ የሚይዘው ነገር፣ በተለይ ለዓይናፋር ሰው፣ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ «በል አውራ» መባል ያስጨንቃል። ቡና እየለቀሙ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ወንበር እያመላለሱ ግን ወሬ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ዓይናፋር የሆናችሁ ስራ ጠይቁ። «ምን ላግዝ?» ካላችሁ ገብታችኋል።

ለሴቶች ደግሞ ለይቼ የምለው አለኝ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትኖር ማን ገባ ማን ወጣ ይቆጠርባታል። ጎረቤቷን «ቡና ጠጣ» ብላ ብትጠራ በማግስቱ ሌላ ወሬ ይወራባታል። አንዳንዴም ጨዋ የመሰላት ሰው ጨዋነቱን ይረሳል። ስለዚህ ትቆልፋለች፣ ልክ ናት። «ሰው ቅረቢ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፣ የምትቀርብበት ቦታ ያስፈልጋታል። በቀን ብርሃን፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ትልቅ ሰው ያለበት፣ ስትፈልግ ተነስታ የምትሄድበት። ወንዶቹም ቢሆኑ ድራፍት ቤት ወይም ጫት ቤት ካልሆነ ሰው የሚያገኙበት ቦታ የላቸውም፤ ያ ደግሞ ኪስም ይጎዳል፣ ጤናም ይጎዳል። ይሄ የቆምንበት ኮሙናል ሲነደፍ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ ድግስና ለቅሶ እንዲደረግበት ታስቦ ነበር። ብዙ ሳይት ላይ ተከራይቶ ሱቅና መጋዘን ሆኗል። የኛው ግን እስካሁን የኛ ነው። እባካችሁ እንጠቀምበት።

ከብሎኩ ውጭም ቀን ያለው ነገር አለ። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጠውን ሰው አይታችኋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ህዳር ላይ፣ ታላቁ ሩጫ አለ፣ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእሱ ብለው በቡድን የሚለማመዱ ሰዎች ውስጥ መግባት ይቻላል። መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን ማገዝ ይቻላል፣ እዚያ ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፣ መዘምራን አለ፣ የመስጊድ ጀመዓ አለ። ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ፣ በሁለት ሳምንት ይሰለቻችኋል። አንድ ምረጡ፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሙሉት፣ ለአንድ ሰው ደግሞ «እመጣለሁ» ብላችሁ ተናገሩ። የሚጠብቃችሁ ሰው ሲኖር መቅረት ያሳፍራል።

«ስሜቱ ሲመጣልኝ እወጣለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። የስነ ልቦና ባለሙያዎች ድብርትን ሲያክሙ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፤ ስሜቱን አትጠብቁ፣ ትንሽ ነገር ቀድማችሁ አድርጉ፣ ስሜቱ ተከትሎ ይመጣል ይላሉ። ጫማ ማድረግ። እስከ ግራውንድ መውረድ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ መመለስም ይቻላል። ግን ከዚህም የከበደ ነገር አለ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ካላስደሰተ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሀሳብ ከመጣ፣ ያ በቡና አይድንም። ሐኪም ጋ መሄድ ነው። አማኑኤል አለ፣ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብቻውን መሄድ የከበደው ለኔ ይንገረኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። እኛ ወጣቶቹ ቀን ቆርጠን መሰብሰብ አልለመድንም። መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ተራ እንዴት እንደሚወጣ፣ የተጣላ እንዴት እንደሚታረቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስትቀሩ መጥተን በራችሁን ብናንኳኳ አትቀየሙን።

እንግዲህ ከኮሚቴው ጋር የተነጋገርነው ይሄ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ፣ በየቅዳሜው፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ እዚሁ ኮሙናል ውስጥ ቡና አለ። ዝናብ ቢዘንብም አለ፣ መብራት ቢጠፋም አለ፣ ሶስት ሰው ብቻ ቢመጣም አለ። ተረኝነቱ በየፎቁ ነው፣ ከግራውንድ እንጀምራለን። ስኒ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይምጣ። ለቡናና ለስኳር በወር ትንሽ መዋጮ ይኖራል፣ መጠኑን ዛሬ አብረን እንወስን፣ ያልቻለ አይጠየቅም። መቀጫም አለ! ሳያሳውቅ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈንዲሻ ይዞ ይመጣል።

በሩ ጋ ደብተር ተቀምጧል። ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ፣ ስልክ መስጠት ያልፈለገ አይስጥ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቡና እኔ እቆላለሁ፣ ረከቦትና ከሰል ማንደጃ አለኝ። ጀበናዬ ግን ከሶስት ሰው አያልፍም፣ ትልቅ ጀበና ያላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩኝ።