ውሃ የሚለያይበት ጋራ
(ለአዲስ ተጓዦች ከእሁዱ የእንጦጦ ጉዞ በፊት የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ለዘመን መለወጫውም ለመስቀሉም በሰላም አደረሳችሁ። ወንበር ሳይደርሳችሁ ቆማችሁ የቀራችሁ ልጆች፣ ይቅርታ፤ እንደ እሁድ መለማመጃ ቁጠሩት።

ባለፈው ሚያዝያ ካሊፎርኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው፤ አፋፉን ብርቱካንማ አበባ ሸፍኖታል፣ ከሥሩ አሸዋ ተነጥፏል። ሰዎቹ በአፋፉ ይሄዱና ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። ሲወርዱም ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አይተው ነው፤ ውሃው ከመጣ አሸዋው ይሸፈንና ሰው ከገደሉ ሥር ተከቦ ይቀራል። ከፎቶው በታች፣ «እናንተ ጋ እንዲህ ያለ የለም አይደል?» ብላ ጽፋለች።

አልመለስኩላትም። መስከረምን ጠበቅሁ።

እዚያ ዝናቡ የሚጥለው በእኛ በጋ ነው፤ ስለዚህ አበባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ይፈነዳል። የእኛ ሰማይ ደግሞ ሰኔ ላይ ይከፈትና ነሐሴ ሲያልቅ ይደክመዋል። መሬቱ ውሃ እንደጠገበ ፀሐይ ሲያገኝ አደይ ይወጣል። አደይ የምንለው አንድ አበባ ብቻ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት ባይደንስ ከሚሉት ወገን ብዙ ዓይነት አለው፤ ከሁሉ የታወቀው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ባይደንስ ማለት «ባለ ሁለት ጥርስ» ነው፣ ከዘሩ ጫፍ ላይ ስላሉት ሹል ነገሮች የወጣ ስም። ካልሲያችሁ ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚላችሁ ጭጎጊትም ከዚሁ ወገን አለበት። የበዓል አበባና የካልሲ ጠላት ዘመዳሞች ናቸው እንግዲህ።

አሁን ወደ ባሕሩ ልመለስ። እሁድ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን በቁስቋም በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። እዚያ ስንደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፈናል (ባሕር የሌለን ሰዎች ቁመታችንን በባሕር መለካታችን ሁልጊዜ ያስቀኛል)። ከዚያ የጋራውን ጀርባ ይዘን እንሄዳለን። አንድ ቦታ ላይ ቁሙ እላችኋለሁ። በስተደቡብ እግራችሁ ሥር የጣለው ዝናብ ወደ ቀበና ይወርዳል፣ ከቀበና ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም፤ በአፋር አልፎ ከጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። በስተሰሜን የጣለው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይሄዳል፣ ሙገርን ይዞ አባይ ይገባል፣ ካርቱምን አልፎ ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አንድ ደመና፣ አንድ ጋራ፤ አንዱ ጠብታ በረሃ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ባሕር ያያል። ቦታው ላይ ምልክት የለም። ሳርና አደይ፣ አንዳንዴም የበግ በጠጥ ነው ያለው።

ስለ መንገዱ ልናገር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወቅት፣ አዲስ ጫማ ገዝቼ ብቻዬን ወጣሁ። ስመለስ ለባለቤቴ አንድ እቅፍ አደይ ነቅዬ፣ አዎ፣ ከነሥሩ ነቅዬ፣ ጠመዝማዛው ሰልችቶኝ በአቋራጭ ወረድኩ። እርጥብ ድንጋይ ረገጥኩ። የቀረውን ቁልቁለት በመቀመጫዬ ጨረስኩት። ከታች አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ በላስቲክ ጫማ ቆመዋል። ሸክሙን አላወረዱም፤ አንዴ ካወረዱት ብቻቸውን አያነሱትማ። ከሥሩ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ በዝናብ ድንጋይ ይከዳል፤ ጭቃው ይሻልህ ነበር» አሉኝ። ከዚያ እቅፌን አይተው «ይሄንንስ ምን ልታደርገው ነው? ቤት ሳትደርስ ይሞትብሃል» አሉ። ሽሮ ሜዳ ስደርስ አንገቱን ደፍቷል። ባለቤቴ የተቀበለችኝ አበባውን ሳይሆን ሱሪዬን እያየች ነው።

እኚያ እናት የተሸከሙት እንጨት የራሱ ታሪክ አለው። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር፤ ብርዱና የማገዶ እጦቱ ሲያስቸግር ወደ ፍልውሃ ወረዱ፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. እዚያ ተቆረቆረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማዪቱ ራሷ ማገዶ ስታጣ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ከተማዪቱን ከመፈታት ያዳናት እሱ ነው ይባላል፤ እኔም አልክድም። ግን እሁድ ልብ በሉ፦ ጥቅጥቅ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ገብታችሁ አደይ ፈልጉ። ደረቅ ቅርፊትና ቅጠል ነው የምታገኙት። ዛፉ ሳሳ ያለበት ጋ፣ ወይም ጽዱና ወይራው ባለበት ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ግን ቢጫው ይመጣል፣ ከሥሩም ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ።

ስለዚህ ሸክም ይዘው የሚመጡ እናቶች ሲያጋጥሟችሁ እኛ ነን ከመንገድ የምንወጣው፤ በላይኛው በኩል ቆመን እናሳልፋቸዋለን። ፎቶ ሳታስፈቅዱ እንዳታነሷቸው። አቋራጭ የለም፤ አንዱ የጀመረውን አቋራጭ የከርሞ ጎርፍ ቦይ ያደርገዋል። አበባም አይነቀልም። አደይ በአብዛኛው በየዓመቱ ከዘሩ የሚወጣ ነው፤ ዘር ሳይጥል የተነቀለ፣ የከርሞው ነው የተነቀለው። ለደመራና ለእንቁጣጣሽ ልጆች የሚቆርጡትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ወጋችን ነው። የኔ ጸብ እንደኔ እቅፍ ሙሉ ነቅሎ መንገድ ላይ ከሚጥለው ጋር ነው።

አንድ ነገር ቀረችኝ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ሰው የመስቀል ወፍ እንለዋለን። ወደ ሱሉልታ በሚያየው በኩል ወፉን ራሱን ታዩት ይሆናል፦ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ቢጫ፣ ሳር ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ የሚንጠራራ። ይህ ወንዱ ነው፣ የመራቢያ ልብሱን ለብሶ። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይለውጥና በአብዛኛው እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። የትም አልሄደም፤ በጥር ከፊታችን ሲበር ተራ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፣ ወፉ አያውቀውም። ለማንኛውም በኅዳር መጨረሻ በዚሁ መንገድ እንደገና እንወጣለን። አደዩ ያኔ ደርቆ ጥቁር ዘሩን አንጠልጥሎ ነው የሚቆየን። ስንት ሰው እንደሚመጣ አያለሁ።

እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት አውቶቡሱ ይነሳል፤ 12 ማለት 12 ነው። ዝናብ ልብስ ያዙ፣ መስከረም አይታመንም፤ ነጎድጓድ ከሰማን ጀርባው ላይ አንቆይም፣ እንወርዳለን። ደግሞ ጥሩ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ከኔ ጋር ይሁን። ለአክስቴ ልጅ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም፤ እኔ ሳነሳ ደግሞ ጣቴ ይገባል።