«5/3 ተልኳል»

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ዝናቡ ገና አሁን ነው ያባራው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮት እየገባ ነው፤ ድምፄ ትንሽ ከጎረነነ በሱ ነው። የማወራችሁ ስለ ቀን አጻጻፍ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን አንዲት እናት ሰው ፊት አሳፍሬበታለሁ።

የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን፣ ድንኳናችንም አንድ ነው። ድሮ መዋጮ በእጅ ነበር የሚሰበሰበው። አሁን ግማሹ አባል በባንክ ያስገባና በቴሌግራም ይነግረኛል፤ ልጅ ዓረብ አገር ያለው ደግሞ ልጁ ይልክለታል። እኔ መልእክቱን እያየሁ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። ወር ሲያልቅ ማጣሪያውን ነካ አድርጌ ከመጨረሻ ክፍያቸው 3 ወር ያለፋቸውን ለይ እለዋለሁ፣ ስም ይዘረግፍልኛል። ያንን ዝርዝር እሁድ ስብሰባ ላይ አነባለሁ። ደንቡ ነው።

2017 ዓ.ም.፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገናኙበት ሰሞን፣ የአንዲት እናት ስም ወጣ። አነበብኩት። ምንም አላሉም። የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬቱን አዩ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀስ ብለው መጡና «ልጄ፣ ረመዳን በገባ ባምስተኛው ቀን ጅዳ ያለው ልጅ ልኮ የለም እንዴ?» አሉኝ። «እማማ፣ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው የኅዳር ነው» አልኳቸው። አሁንም ሳስበው ያመኛል። እሳቸው ቀኑን እየነገሩኝ እኔ ያመንኩት ኮምፒውተሩን ነው።

ቤት ገብቼ መልእክቱን ፈለግኩት። «የእናቴ 5/3 ተልኳል» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለውም። እኔ ቀን 5፣ ወር 3፣ ኅዳር 5 ብዬ ጽፌዋለሁ። ልጁ ግን ያለው ጅዳ ነው፣ ለሱ 3ኛው ወር ማርች ነው። ማርች 5 በእኛ የካቲት 26 ነው። የዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ደግሞ የካቲት 22 ስለሆነ አምስተኛው ቀን በትክክል 26 ላይ ይውላል፤ እሳቸው ያሉኝ ቀን ማለት ነው። እስከ ስብሰባው እሁድ ሲቆጠር የ11 ቀን ክፍያ እኔ ጋ ሲደርስ የ122 ቀን ሆነ። ያቺኑ 5/3 አሜሪካ ላለ ሰው ብትሰጡት ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ሜይ 3 ይላችኋል፣ የእኛ ሚያዝያ 25። የሚገርመው፣ መልእክቱ የደረሰበትን ቀን ስልኩ ራሱ ከላይ ጽፎት ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ተከታተልኩት። ይሄን ግራ መጋባት ለማስቀረት ዓለም የተስማማበት አጻጻፍ አለ፣ አይሶ 8601 ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1988 የወጣ ነው። ዓመት ይቀድማል፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፦ 2025-03-05። በጣም ወደድኩት፤ በቁጥር ቅደም ተከተል ስትደረድሩት የጊዜው ቅደም ተከተልም አብሮ ይስተካከላል። ግን የኛን ችግር አይፈታም። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5ን 2017-03-05 ብላችሁ ጻፉለት። ማሽኑ ያለ ምንም ጥያቄ ይቀበላል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቀን በፈረንጆቹም አለ፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ። ማጣሪያው ያረጀ ነው ብሎ ይጥለዋል። ጥቅምት 30 ብላችሁ 2017-02-30 ብትጽፉ ደግሞ የካቲታቸው ማለትም ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘውና ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጳጉሜን ጭራሽ አይታሰብም፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ስህተት ነው ብሎ ቢጮህ ይሻል ነበር። አይጮኽም፣ ሰው ነው የሚቀረው።

ሰዓቱም አለ። አንድ ሰው ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቢጽፍልኝ ለኔ ገና እሁድ ሌሊት ነው፣ እሁድ ከፈለ እላለሁ። ስልኩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ብሎታል። አንድ ቀን ብዙ ላይመስል ይችላል፤ የመክፈያው ቀን ማብቂያ ላይ ሲሆን ግን ቅጣት ነው።

ከዚያ ስብሰባ በማግስቱ ማታ እማማ ቤት ሄድኩ። ኢፍጣር ደርሶ ነበር። በር ላይ ሆኜ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አብሽር፣ አብሽር፣ መጀመሪያ ግባ» ብለው አስቀመጡኝ። ቴምሩ ቀረበ፣ ሾርባው ቀረበ። ሳምቡሳውን ሳየው አመነታሁ፣ እኔም ጾም ላይ ነበርኩ። ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉና «የምስር ናት ልጄ፣ ጾም መሆኑን አውቄ ነው» አሉኝ። የሁለታችንንም ጾም ቆጥረው ይዘዋል። እኔ አንዱን ቀናቸውን እንኳን በትክክል አልመዘገብኩላቸውም።

በሚቀጥለው እሁድ ተነስቼ ስህተቱ የኔ መሆኑን ሰው ሁሉ በሰማበት ተናገርኩ። ግሩፑ ላይም አንድ ማስታወሻ ከላይ ሰቅያለሁ፦ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፣ በስሙ ጥሩት። የካቲት ከሆነ የካቲት፣ ማርች ከሆነ ማርች። እኔም አሁን ሁለት ዓምድ ነው የምይዘው፣ በአንዱ የእኛን በስሙ፣ በሌላው የፈረንጁን ዓመቱን አስቀድሜ፤ የማጣራው በሁለተኛው ነው። ሥራው ይበዛል፣ ይብዛ። ስም ከማንበቤ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ደውዬ እጠይቃለሁ።

ያ ጅዳ ያለው ልጅ ከወራት በኋላ እንደገና ላከ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የእናቴ ሰኔ 12 ተልኳል። የእኛ ሰኔ።»