ከዋልካው ማሳ በጋዝ የሚያመልጠው

ክቡራንና ክቡራት፣ ከደምቢያ፣ ከጎንደር ዙሪያና ከፎገራ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሰኔ ደጃፍ ላይ ነው። እንደ ወትሮው የማዳበሪያ ወሬ ከሁሉ ወሬ ቀድሟል፤ ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ዋጋው ስንት ሆነ፣ ለየቀበሌው ስንት ተመደበ። እኔ የመጣሁት ማዳበሪያው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ልነግራችሁ ነው። ከፊሉ ሰብል ይሆናል። ከፊሉ ከጎርፍ ጋር በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ይገባል። ከፊሉ ደግሞ ጋዝ ሆኖ ማንም ሳያየው ይሄዳል። ይህ ሦስተኛው መንገድ የገበሬውንም ኪስ የምድሪቱንም አየር በአንድ ጊዜ ስለሚጎዳ ነው ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ቶሎ በአእምሮ የሚመጣው የፋብሪካና የመኪና ጭስ ነው። ከአፈርም ግን ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል። በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሞተ ሥር፣ ገለባና ፍግ እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ። በዓለም አፈር የላይኛው 1 ሜትር ውስጥ 1500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን አለ፤ ይህም በከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ አፈሩን እንዴት እንደምንይዘው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጋዙን የሚያስነሱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ የሚበረታው ግን ውሃ ነው። ኤች ኤፍ በርች የተባለ ተመራማሪ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ለረጅም ጊዜ ደርቆ የቆየ አፈር ድንገት ሲርስ ተሕዋስያኑ እንደሚነቁና ካርቦን ዳይኦክሳይድም ናይትሮጂንም በብዛት እንደሚለቀቅ አሳየ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ዛሬም ክስተቱ በእሱ ስም ይጠራል። የእኛ መሬት ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይደርቃል፣ ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይወርድበታል። አባቶቻችን መሬቱ ሲርስ ፈጥነው የሚያርሱትና የሚዘሩት በምክንያት ነው፤ በዚያች ሰሞን የሚለቀቀውን ናይትሮጂን ሰብል ካልደረሰለት ዝናቡ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ዩሪያው ልግባ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ዩሪያ የያዘው ናይትሮጂን አፈር ሲገባ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አየር ባለበት አፈር ውስጥ ተሕዋስያን አሞኒየሙን ናይትሬት ያደርጉታል። እስከዚህ ድረስ ለሰብሉ መልካም ነው። ሐምሌ ላይ ግን ዋልካው ውሃ ይተኛበታል። በእግራችሁ ስትረግጡት ኮቴው ወዲያው ውሃ ይሞላል፤ ጤፉ ቢጫ ይሆናል፤ ከሥር አንድ ጭብጥ አፈር ብታወጡ ግራጫ ነጠብጣብ ይታይበታል፣ የረግረግ ሽታም ይሸታል። ያ ሽታ አየር አልቋል ማለት ነው። ኦክስጅን ያጡ ተሕዋስያን በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን ይጠቀሙበታል፤ ናይትሬቱም ናይትረስ ኦክሳይድና ተራ ናይትሮጂን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ተራው ናይትሮጂን አየሩን አይጎዳም፤ የተከፈለበት ማዳበሪያ ግን ነበር። ናይትረስ ኦክሳይዱ ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ 1 ኪሎው እንደ 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት ያምቃል፤ አየር ላይም ከ100 ዓመት በላይ ይቆያል። ዛሬ ከደምቢያ ማሳ የወጣው የልጅ ልጆቻችን ላይም ሙቀት ይጨምራል።

የሚገርመው፣ ትልቁ ችግር ያለው ጨርሶ በሰጠመው መሬት ላይ አይደለም። የአፈሩ ቀዳዳ ከ60 እስከ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ሲሞላ ነው ናይትረስ ኦክሳይድ አብዝቶ የሚወጣው። ጨርሶ ከሰጠመ አብዛኛው እስከ ተራ ናይትሮጂን ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ዝናብ ጥሎ አባርቶ እንደገና ሲጥል፣ ማሳው በእርጥብና በደረቅ መካከል ሲዋልል ነው ሚዛኑ የሚዛባው። የአፈሩ ኮምጣጣነትም አለበት። በኮምጣጣ አፈር ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ተራ ናይትሮጂን የሚለውጠው ኢንዛይም ስለሚዳከም ናይትረስ ኦክሳይዱ ይበዛል። ጎጃምና አዊ ላይ ኖራ የሚበተነው ለምርት ተብሎ ነው፤ በዚህም በኩል ይረዳል። ኖራው ራሱ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ግን አንርሳ።

እስቲ አንድ ከረጢት ዩሪያ ይዘን እናስላ። በ50 ኪሎ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጂን አለ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ፣ እርጥብ በሆነ አየር ንብረት ከተጨመረው የፋብሪካ ማዳበሪያ ናይትሮጂን 1.6 በመቶው፣ በደረቅ አካባቢ ደግሞ 0.5 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ እንደሚወጣ ይገመታል። ጎንደር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ የእርጥቡን እንውሰድ። ከአንዱ ከረጢት 580 ግራም ያህል ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል፤ ይህም ከ158 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። የማዳበሪያውን ሦስት እጥፍ የሚያህል ማለት ነው። በደረቁ ስሌት 50 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ማዳበሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ውሃው ነው። ይህ አማካይ ስሌት ነው እንጂ በእያንዳንዱ ማሳ የተለካ አይደለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዩሪያ ተው የሚል ሰው አይደለሁም። የኢትዮጵያ ገበሬ በሄክታር የሚጨምረው ማዳበሪያ አውሮፓ ወይም ቻይና ከሚጨምሩት አጠገብ አይደርስም፤ ልጆቹን የሚያበላበትን ምርት ቀንስ ማለት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የልቀታችንን አብዛኛውን ድርሻ የሚይዙት እርሻ፣ እንስሳትና ደን መሆናቸውን ሲናገር መፍትሔ ያደረገው ምርታማነትን እንጂ ረሃብን አይደለም። በዓለም ደረጃ ሰብል የሚወስደው ከተጨመረው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በታች ነው። የቀረው ግማሽ ነው የእኔ ጥያቄ።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃው መውጫ ይኑረው። ፈሰስ መቅደድ የአባቶች ሙያ ነው፤ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣውም መሣሪያ ለዋልካ ተብሎ የተሠራ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አለ። ውሃ የማይተኛበት ዋልካ ቀድሞ ይዘራል፣ ዩሪያውም አይባክንም። የጎረቤት ማሳ ላይ የሚፈስ ፈሰስ ግን ጠብ ያመጣል፤ ቦዩ ከላይ እስከ ታች በጋራ ይታቀድ። የቀበሌ ባለሙያዎች፣ ይህን አደራ የምለው ለእናንተ ነው።

ሁለተኛ፣ ዩሪያውን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ከፋፍላችሁ፣ ሰብሉ ሥር ሰዶ መውሰድ ሲጀምር፣ ከአረም በኋላ፣ ውሃ ባልተኛበት ቀን ጨምሩ። ሰማዩ ጥቁር ብሎ ከባድ ዝናብ በሚያሰጋበት ዕለት ከረጢቱ ቤት ይደር። ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ በፈረቃ ሲገቡ ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚይዙ ለሚቀጥለው ሰብል የሚፈለገው ዩሪያ ይቀንሳል።

ስለ ፍጉ ስናገር እናቶችን የምወቅስ እንዳይመስልባችሁ። እንጨት በሌለበት ኩበት ከማንደድ ሌላ ምን ይደረጋል? ነገር ግን ምድጃ የገባው ፍግ አፈሩ ሊበላው የነበረ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ ምድጃና በየጓሮው የሚተከል ዛፍ የአፈር ጉዳይም ነው። ኮምፖስትም ብትሠሩ አገላብጡት፤ ውሃ ጠጥቶ ታፍኖ የሰነበተ ክምር ሚቴን የተባለ ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝ ያወጣል።

ሚቴን ካልኩ የፎገራንና የደምቢያን ሩዝ ማለፍ አይቻልም። ውሃ ውስጥ የሚኖር ማሳ አየር ሲያጣ ሚቴን ይፈጠራል፤ የጣና ዳር ደንገልና ረግረግም እንዲሁ ነው። መስኖ ባለበት አገር ማሳውን አንዴ እያጠጡ አንዴ እያደረቁ ሚቴኑን ግማሽ ያህል መቀነስ ተችሏል፤ የናይትረስ ኦክሳይዱ ግን ሊጨምር ይችላል። የእኛ ሩዝ በክረምት ዝናብ የሚበቅል ስለሆነ ውሃውን እንደ ልብ ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ የሌላውን አገር ምክር እንዳለ ገልብጠን ለገበሬው አንስጥ።

ለዚህም ነው በራሳችን ማሳ መለካት ያለብን። መሣሪያው ቀላል ነው፤ አፈር ላይ ቀለበት ይተከላል፣ ክዳን ያለው ሣጥን ይደፋበታል፣ በየተወሰነ ደቂቃ በሲሪንጅ አየር ተቀድቶ በጠርሙስ ለቤተ ሙከራ ይላካል። ከባዱ መጽናት ነው፤ ከመጀመሪያው ዝናብ እስከ መስከረም፣ ዩሪያ በተጨመረ ማግሥትም፣ በጭቃ ውስጥ። በቤተ ክርስቲያን ደን ሥር ያለው አፈርም አብሮ ይለካ፤ በአጥሩ ውስጥና ውጭ ያለው የካርቦን ልዩነት ያጣነውን ያሳየናል።

ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምለው ይኸው ነው፤ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ዋልካው አጠገባችሁ ነው። ለገበሬዎች ደግሞ፣ ከማሳችሁ አንድ ጥግ ለልኬት ስጡን፤ ውጤቱን በአማርኛ ጽፈን እናንተው ዘንድ እናመጣለን። ከዚህ ስብሰባ በኋላ በር ላይ ስማችሁን የሚመዘግቡ ተማሪዎች አሉ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።